ይድረስ ለአባ አንዲት

ጉዳዩ፦ «አንዲት እንጨት ብቻ» የሚለውን ጥያቄ ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእንጨቶቼ ናፍቆት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በዋና ስምዎ ስላልጠራሁዎት ቅር አይበልዎት። በጅማ ወግ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ይባላል። እርስዎ ፈረስ የለዎትም። ዓመት ሙሉ የሚጋልቡት «አንዲት ብቻ» የምትባለዋን ነውና በእሷ ጠራሁዎት።

ደኔን ከእኔ በላይ ያውቋታል። ለሌላው አንባቢ ግን ልንገር። ደን ስል ትልቁን የበለጤ ደን የሚያክል ነገር እንዳይታሰብ። ከሰቃ መንገድ ገባ ብሎ ያለች ቁራሽ መሬት ነች። ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ቡና፣ ዛፎቹ ላይ ደግሞ ጥቂት ቀፎ። ጠዋት ጠዋት ጉሬዛዎች ይመጣሉ። ደግነቱ ጉሬዛ የሚበላው ቅጠል ነው፤ ምሳር አይዝም።

መጀመሪያ የመጡት ለልጅዎ ሠርግ ዳስ ነበር። ለዳስ እንጨት የሚከለክል ጎረቤት አይባልምና ሰጠሁ። ሙሽራዋ ወልዳ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እንጨቱ ግን አልተመለሰም። ዳሱ እስካሁን አልፈረሰም ይሆን? ከዚያ ለኩሽና ማገር መጡ። ለዲሽ መትከያ መጡ። ለምሳር ዛቢያ መጡ፣ ወዲያው ደግሞ በዚያው ምሳር ሌላ ሊቆርጡ መጡ። በመጨረሻ ለአማትዎ አጥር አሉኝ። አማትዎ እኮ የሚኖሩት አጋሮ ነው! አጋሮ ዛፍ ጠፍቶ ነው?

ዓይንዎን ግን አደንቃለሁ። መቼም ጎባጣዋን መርጠው አያውቁም። ጎባጣዋ ለማገዶ ትሆናለች፣ ደስ ብሎኝ እሰጥዎ ነበር። እርስዎ ቀጥ ብላ የወጣችውን፣ ወፍራሟን፣ ለኤሌክትሪክ ምሰሶ ትድረስልኝ ብዬ የተውኳትን ነው የሚነጥቁት። ቀጭን አጣናና ምሰሶ ዋጋቸው እንደማይገናኝ ያውቃሉ። እኔ ያችን ዛፍ ዓመት በዓመት እያለፍኩ የማያት ለልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያና ለጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው። እርስዎ ወስደው ባቄላ አስደገፉባት።

ከአንዲቷ በላይ የሚያንገበግበኝ ጉቶዋ ነው። የባሕር ዛፍ ጥቅሙ ጉቶው ላይ ነው። ከመሬት ዝቅ ተብሎ፣ በስለታም መጋዝ፣ ዘመም ተደርጎ ከተቆረጠ ውሃ አያቁርም፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከሚያቆጠቁጠው መሃል ሁለት ሦስት ጠንካራ ይተዋል፣ ሌላው ይነሳል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ እንደገና ለአጣና ይደርሳል። እርስዎ ግን ወገብዎን ስለሚያምዎት የሚቆርጡት በወገብዎ ልክ ነው። በምሳር ስለሚደበድቡትም ቅርፊቱ እስከ ታች ይላጣል። እንደዚያ ከፍ ብሎ የበቀለ ቡቃያ ትንሽ ነፋስ ይገነጥለዋል። እንግዲህ አንዲት እያሉ የሚወስዱት አንዲት አይደለም። እሷን፣ ልጇንና የልጅ ልጇን ነው።

አወዳደቁንስ? ሁልጊዜ ወደ ቡናው። ባለፈው ቡናው አበባ ይዞ ሳለ ጣሉብኝ። የተሰበረው ቅርንጫፍ የዚያን ዓመት ፍሬ ይዞ ሄደ። «ቡና እኮ መልሶ ይወጣል» ብለው አጽናኑኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

«ዛፍ ምን ወጪ አለው? ዝናብ ነው የሚያሳድገው» ይላሉ። ጅማ ዝናብ እንደማይጎድላት እውነት ነው። ችግኙን የገዛው ዝናብ ነው? አረሙን የነቀለው፣ ምስጥ የበላውን የተካው፣ በበጋ እሳት እንዳይገባ ሣሩን ያጨደው ዝናብ ነው? ባለ ሱቁ ዘንድ ገብተው «አንዲት ሳሙና ብቻ፣ ብዙ አለህ አይደል» ብለው ያውቃሉ? ባለ ሱቁ በር ስላለው ይሆናል። የኔ ዛፎች ቆመው ስለሚያድሩ ባለቤት የሌላቸው መሰሉዎት። (ጭራሮ የሚለቅሙትን እናቶች በዚህ ደብዳቤ አልነካኋቸውም። ደረቅ ነው የሚወስዱት፣ ሲያልፉም ሰላም ይላሉ።)

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው አዲስ አበባ እንጨት ስላጠራት ነው ይባላል። ያኔም አባ አንዲት የሚባሉ ሰው ሳይኖሩ አይቀሩም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የዋንዛው ነገር ነው። ለአንዲት የጅማ በርጩማ ብቻ አሉኝ። ያ ዋንዛ አባቴ የተከለው ነው። እኔ ራሴ ልቁረጠው ብል ፈቃድ ልጠይቅ ነው፤ ጣውላውን ጭኜ ኬላ ላይ ብደርስ ወረቀት አምጣ ልባል ነው። ይህን ስነግርዎት ሳቅ ብለው «መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ። እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?» አሉኝ። አንቀጽ 40ን ማንበብዎ ያስመሰግናል። ብቻ ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ደክሞዎት አቁመዋል። ትንሽ ወረድ ቢሉ ንዑስ አንቀጽ 7 ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ያደረገው ቋሚ መሻሻል የራሱ መሆኑን ይነግርዎታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የግል ደን የሚባል ነገር ያውቃል። «የአባ አንዲት ደን» የሚል ግን ፈልጌ አጣሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኔ ደን አንዲት በአንዲት በእርስዎ ትከሻ ሄዷል።

እንዳይቀየሙኝ፣ በሬን አልዘጋም። ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ። ጎባጣው በነጻ ነው፤ ቀጥ ያለው በገበያ ዋጋ። መጋዙን የምይዘው እኔ፣ ጎንበስ የምለውም እኔ ነኝ፤ ወገብዎን አናስቸግረውም። ወደ የት እንደሚወድቅም እኔ እወስናለሁ። ዋንዛውን በዓይንዎም አይዩት። ማር ሲቆረጥ ግን አንዲት ማንኪያ ብቻ አቀምስዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የእንጨት ባለዕዳዎ ጎረቤት ሳይሆን ባለገንዘቡ

ግልባጭ፦
ለአማትዎ፣ አጋሮ
ለባለቤትዎ፣ እንጨቶቹ ከጓሮ የት እንደተከመሩ ስለሚያውቁ