የፓተንት መርማሪ ሥራ ማኅተም መምታት አይደለም

ስለ አልበርት አይንስታይን ሲወራ አንድ ነገር አይቀርም። «ያን ሁሉ ጭንቅላት ይዞ ፓተንት ቢሮ ውስጥ ተራ ጸሐፊ ነበር እኮ!» ይባላል። ለሰውዬው የታዘነ ይመስላል፤ ሥራውን ግን አፈር ያስግጠዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አይንስታይን በርን በሚገኘው፣ የፈጠራ መብት በሚሰጠው የስዊዘርላንድ ፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1909 ሠርቷል። መደቡ የሦስተኛ ደረጃ የቴክኒክ ባለሙያ ነበር፤ በ1906 ወደ ሁለተኛ ደረጃ አደገ። ፋይል አመላላሽ አልነበረም፤ መርማሪ ነበር። የፈጠራ ባለቤቶች ያስገቡትን ሥዕልና ጽሑፍ ያነባል፤ ነገሩ እንደተባለው ይሠራል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የተምታታውን ጽሑፍ እንዲጠራ ያደርጋል። ከምርመራ አስተያየቶቹ ዛሬ ድረስ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በ1907 ኤኢጂ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስላቀረበው የኤሌክትሪክ ማሽን የጻፈው ነው። የኩባንያው ጥያቄ ትክክል ያልሆነ፣ ያልጠራና ግልጽነት የጎደለው ነው ይላል። እንዲህ ለማለት ማሽኑንም ቋንቋውንም እኩል ማወቅ ያስፈልጋል።

ፓተንት በመንግሥትና በፈጣሪው መካከል የሚደረግ ውል ነው። ፈጣሪው የሠራውን ነገር ሌላው ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችል መልኩ ለሕዝብ ይገልጻል። በምላሹ ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ ብዙውን ጊዜ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሌሎችን የመከልከል መብት ያገኛል። ሃያ ዓመት ቀላል አይደለም። ውሉ ለሕዝብ የሚያዋጣ መሆኑን ሕዝቡን ወክሎ የሚያየው ደግሞ መርማሪው ነው። ጠበቃው የአመልካቹ ነው፤ ባለሀብቱም ከአመልካቹ ጎን ነው። በጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ለሁላችንም የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከንባብ ነው። ንባቡ ግን እንደ ጋዜጣ ንባብ አይደለም። አንድ የፓተንት ማመልከቻ ብዙ ገጽ መግለጫና ሥዕል ይኖረዋል፤ የመብቱን አጥር የሚያጥሩት ግን ተራ ቁጥር እየተሰጣቸው የሚጻፉት የይገባኛል አንቀጾች ናቸው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ይቆጠራል። አንድ ሰው «ብርሃን የሚለካ መሣሪያና ሰዓት ቆጣሪ ያለው መብራት» ብሎ ቢጽፍ ሦስቱም ነገሮች መኖር አለባቸው። ሰዓት ቆጣሪውን ቢያወጣው አጥሩ ወዲያው ይሰፋል፣ ብዙ ሌላ መብራትም ውስጡ ይገባል። ስለዚህ ጎበዝ አመልካች በተቻለ መጠን ጥቂት ነገር ይጽፋል፤ ጎበዝ መርማሪ ደግሞ አጥሩ የሰውዬውን መሬት አልፎ የጎረቤቱን ጭምር እንዳይወስድ ይጠብቃል።

ቀጥሎ ፍለጋው ይመጣል። ይህ ነገር ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ ተጽፏል? ተሠርቷል? ታይቷል? ጎግል ላይ ጽፎ መጠበቅ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። አመልካቾች ነገሮችን በስማቸው አይጠሩም። ኩሽ ቦል የሚባለውን ባለ ላስቲክ ክር የልጆች ኳስ ውሰዱ። ፓተንቱ ላይ የሰፈረው ርዕስ «በእርግጠኝነት ለመያዝ የሚረዱ ልፍስፍስ ክሮች ያሉት፣ በጥቅሉ ክብ የሆነ ነገር» ዓይነት ነው። ኳስ የሚል ቃል የለበትም! «ኳስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ርዕሱ ላይ አያገኘውም። ለዚህ ነው መርማሪዎች በምደባ ኮድ፣ ማለትም ፈጠራዎች በዓይነታቸው ተለይተው በሚሰጣቸው ኮድ የሚፈልጉት። የአውሮፓና የአሜሪካ ቢሮዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ምደባ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ ክፍሎች አሉት። በዚያ ላይ የቻይንኛ፣ የጃፓንኛ፣ የኮሪያኛ ሰነድ አለ፣ የድሮ የምርት ካታሎግ አለ፣ ማንም ያላነበበው የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። አንዳንዴ መልሱ የሚገኘው ከጽሑፍ ሳይሆን ከሥዕል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ነገሩ አዲስ ቢሆንም፣ ለመስኩ ባለሙያ ግልጽ ከሆነ ፓተንት አይሰጠውም። እሺ፣ ግልጽ ማለት ምን ማለት ነው? መርማሪው መልሱን አንብቦ ጨርሷል። መልሱን ካነበቡ በኋላ ደግሞ ሁሉም ነገር «ይሄማ ምን አለው» ያሰኛል። ስለዚህ ያነበበውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ ማመልከቻው ወደገባበት ቀን መመለስ አለበት፤ በዚያን ቀን አንድ መካከለኛ ባለሙያ እነዚህን ሁለት የቆዩ ሰነዶች የሚያጣምርበት ምክንያት ነበረው ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ምክንያት ነበረው ካለም በጽሑፍ ያስረዳል፣ ከዚያ ከጠበቃ ጋር ይከራከራል። ይህ ፍርድ ነው። የምሕንድስና ዕውቀት ብቻውን አይበቃውም፣ ሕግም ብቻውን አይበቃውም።

ይህ ሥራ ሲላላ ምን እንደሚሆን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 እርድ የተባለው ቢጫ ቅመም ቁስል ለማዳን የሚውልበት ዘዴ በአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው። ሕንዶች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የሕንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የቆዩ ጽሑፎችን፣ በ1953 የታተመ የሕክምና መጽሔት ጽሑፍንም ጭምር አቅርቦ ተከራከረና ፓተንቱ በ1997 ተሰረዘ። በ2002 ደግሞ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የመወዛወዝ ዘዴ ፓተንት አገኘ፤ ኋላ ላይ እሱም ተሰርዟል። ማሰረዝ ገንዘብና ጊዜ ይበላል፤ ሕንድ አቅሙ ነበራት፣ ሌላው ግን ዝም ብሎ ይቀራል።

መርማሪ ጭራሽ ባይኖርስ? እሱም ተሞክሯል። አሜሪካ በ1790 ባወጣችው ሕግ ማመልከቻዎችን የሚመረምሩት ራሳቸው ሚኒስትሮቹ ነበሩ፣ ቶማስ ጀፈርሰን አንዱ ነበር። ጊዜ አልነበራቸውም። በ1793 ምርመራው ቀረና ፓተንት መስጠት ዝም ብሎ መመዝገብ ሆነ። ውጤቱ የሰው ሥራ የሚገለብጥ፣ የተደራረበና ዋጋ ቢስ የወረቀት ክምር ነበር። በ1836 ሕጉ ተቀይሮ ሙያተኛ መርማሪዎች ተመደቡ። ከ40 ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል።

ዛሬ ያለው ትልቁ ችግር ጊዜ ነው። በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ የፓተንት ማመልከቻዎች ገብተዋል። በአሜሪካ አንድ መርማሪ ለአንድ ማመልከቻ በአማካይ ያለው ወደ 20 ሰዓት ገደማ ነው። ማንበቡም፣ ፍለጋውም፣ መጻፉም፣ ክርክሩም እዚያው ውስጥ ነው። ሥራው የሚለካው ደግሞ በዘጋው ፋይል ብዛት ነው። ይህ አካሄድ ያሳስበኛል። ሰውን በብዛት ከለካኸው ብዛት ይሰጥሃል። አንድ ሰነድ ተጨማሪ መፈለግ የሚያስከፍለው ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ሰነድ ባለመገኘቱ የሚሰጥ መጥፎ ፓተንት ግን አንድን ሙሉ ዘርፍ ለዓመታት ፍርድ ቤት ሊያመላልስ ይችላል።

አሁን ትልልቆቹ ቢሮዎች በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚፈልጉ መሣሪያዎች መጠቀም ጀምረዋል። ጥሩ ነው፣ በተለይ ለማያውቁት ቋንቋ። ግን ማሽኑ ተመሳሳይ ሰነድ ደርድሮ ሲያመጣ «እንግዲህ ፈጥነህ ጨርስ» ተብሎ ሰዓቱ እንዳይቀነስ እሰጋለሁ። የተረፈው ሰዓት መሄድ ያለበት ወደ ፍርዱ ነው፣ ግልጽ ነው አይደለም ወደሚለው።

እስከዚያው እኛም የምንችለው ነገር አለ። ማመልከቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ወር በኋላ ለሕዝብ ይወጣሉ። በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሰው «ይሄ አዲስ አይደለም፣ ማስረጃው ይኸውና» ብሎ በነጻ መላክ ይችላል፤ ስሙን መግለጽ እንኳ አይገደድም። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላም ክፍያ ተከፍሎ በ9 ወር ውስጥ መቃወም ይቻላል። በሙያችሁ ድሮ የምታውቁት ነገር እንደ አዲስ ፈጠራ ቀርቦ ካያችሁ የቆየውን ካታሎግ፣ መጽሔት ወይም መመሪያ ፈልጉና ላኩ። ቀኑ በግልጽ የሚታይበት ገጽ እንዳይቀር፤ ያለ ቀን ማስረጃው ብዙ አይረዳም።