«አረፈ እኮ!» አትበሉኝ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ የፋሲካ ማግስት ያየሁትን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር በኩል ሳልፍ አንድ ጋሪ ቆሟል። ልጁ ማዳበሪያዎቹን እየጎተተ ቦይ ውስጥ ይገለብጣል፤ ፈርስ፣ አንጀት፣ ቀንድ፣ ጨው ያልነካው የበግ ቆዳ። ጭልፊቶች ከራሳችን በላይ ይዞራሉ። አንዱ ተወርውሮ አንጀት ነጠቀና እንደ ገመድ እያንጠለጠለ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ማኮብኮቢያው በረረ። በዚያችው ቅጽበት አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ እየወረደ ነበር። ትንፋሼ ቆመ። ወፉ ታጠፈ፤ አውሮፕላኑ አረፈ። ሰባት ስምንት ሰዎች ቆመን አይተናል። አንድ ሽማግሌ «ምን ሆነ? አረፈ እኮ!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አባቴ፣ እርስዎ በዕድሜዎ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.ን እንዴት ረሱት? ከዚሁ ከተማችን የተነሣው ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት፣ ለመመለስ ሲታገል ሜዳ ላይ ወድቆ ነደደ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ርግብ ነው ያልኩት፣ ሚሳይል አይደለም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁብን አምራቹንም ተቆጣጣሪውንም ረገምን። ይገባቸዋል። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። የኢንዶኔዥያው አውሮፕላን ብልሽት ግን በዋዜማው በረራ ላይ ታይቷል፤ አብራሪዎቹ ታግለው አሳረፉት፣ በማግስቱ እንደገና ተነሣ። እዚያም አርፎ ነበር እኮ!

ልጁን ልቆጣው ጠጋ ስል ከተገለበጡት ማዳበሪያዎች የአንዱ አፍ በቀይ ሲባጎ ታስሯል። ያሰረችው ባለቤቴ ናት። በጉ የእኔ ነበር። ሃምሳ ብር ሰጥቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ወዴት እንደሚወስደው እንኳ ሳልጠይቅ ቁርሴን በልቻለሁ። የተከፈተ አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ወፍ የሚስብ ቆሻሻ ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ እንዳይጣል ዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ የተረፈ እርድ መጣያ እንዲያዘጋጅ አብረን እንጠይቅ፤ እስከዚያው ጓሯችን ጉድጓድ አያንሰውም። ጋሪ ለሚነዳው ልጅም ብር ስትሰጡት ወዴት ነው በሉት።

ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዤ ቦዩን ላጸዳ እወርዳለሁ። ሁለት ጎረቤቶቼ እንመጣለን ብለዋል። አንዱ እንኳ ይመጣ ይሆናል።