ይድረስ ለክቡር አማካይ ገቢ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? መቼም ደህና ነዎት። ዜና በከፈትኩ ቁጥር አደጉ ሲባል እሰማለሁ። እኔ እንዳለሁ አለሁ።

የምጽፍልዎ በስሜ እየነገዱ ስላስቸገሩኝ ነው። በቅርቡ ጎረቤቴ መኪና ገዛ። እኔ አልገዛሁም። እርስዎ ግን ሁለታችንን ደምረው ለሁለት አካፈሉና "ግማሽ ግማሽ መኪና አላቸው" ብለው አወሩ። እኔም ደስ ብሎኝ የግማሼን ቁልፍ ልጠይቅ ሄድኩ። በሩን ዘጋብኝ። ሒሳብ አልተማረም መሰለኝ።

ነገሩ በእኔና በእሱ ቢያበቃ ባልከፋኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ሀብት 76 ከመቶው ከላይ ባሉት 10 ከመቶ ሰዎች እጅ ነበር። ከታች ያለው ግማሹ የሰው ልጅ 2 ከመቶዋን ይዟል። እርስዎ ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተው ይነቀንቁና ለየአንዳንዳችን ዓይተነው የማናውቀውን ሀብት ያድሉናል። ወረቀት ላይ ሀብታም ሆኛለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ለነገሩ የእርስዎ ነገር አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ሳይመን ኩዝኔትስ የአገር ገቢ እንዴት እንደሚለካ ያሰናዳ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ሴኔት ባቀረበው ሪፖርት ግን በዚህ ቁጥር የሕዝብን ኑሮ መገመት እንደሚያስቸግር አስጠንቅቋል። ቁጥሩን ወሰዱ፣ ማስጠንቀቂያውን እዚያው ተዉት።

ግሎባላይዜሽን ሲመጣ ሁላችንም አብረን ከፍ እንላለን ተባልን። ኋላ የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ብራንኮ ሚላኖቪችና ክሪስቶፍ ላክነር እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2008 የማን ገቢ ምን ያህል እንዳደገ ሰዉን ከድሃ እስከ ሀብታም አሰልፈው በመስመር ቢያሳዩ፣ መስመሩ ዝሆን መስሎ ወጣ። ጀርባው ላይ የእስያ፣ በተለይም የቻይና ሕዝብ አለ። እሱ በደንብ ከፍ ብሏል (አልክድም፣ ትልቅ ነገር ነው)። የኩምቢው ጫፍ ላይ የዓለም ቱጃሮች ተሰቅለዋል። ኩምቢው ጎንበስ ያለበት ቦታ የሀብታም አገር ዝቅተኛ ሠራተኛ ባለበት ቆሟል። እርስዎ ይህን ሁሉ አይተው "እድገት አለ" ብለው አለፉ። ዝሆን እኮ ነው!

በቴክኖሎጂውም ያው ነዎት። የካሸሯን ቦታ ማሽን ያዘው። አሁን ዕቃውን ስካን የማደርገው እኔ፣ ፌስታል ውስጥ የምከተው እኔ፣ ማሽኑ ሲጮህ ሰው ፊት የምሸማቀቀውም እኔ ነኝ። ደመወዟ ግን ወደ እኔ አልመጣም። እርስዎ "ምርታማነት ጨመረ" ይላሉ። እውነት ነው፤ በነፃ የምሠራ እኔ ተጨምሬያለሁ።

ወንድምዎ ሚዲያን (median፣ የመሃል ገቢ) እንዴት ነው? ያ ሰውን ሁሉ በገቢው አሰልፎ መሃል የቆመውን "አንተስ ስንት ታገኛለህ?" የሚለው። ቢሊየነሩ ገቢው እጥፍ ቢሆን እንኳ ንቅንቅ አይልም። ዜና ላይ እምብዛም የማይጋበዘው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቁት ግብ፣ ከታች ያለው 40 ከመቶ ሕዝብ ገቢ እስከ 2030 ድረስ ከአገሩ አማካይ በላይ ፈጥኖ ያድጋል ተብሏል። ከእርስዎ ጋር ሩጫ ገጥመናል ማለት ነው። እርስዎ በቢሊየነር ጀርባ ታዝለው፣ እኛ በእግራችን።

እስከዚያው የመኪናዬን ጉዳይ ይጨርሱልኝ። የእኔ ድርሻ የኋላው ግማሽ ከሆነም ግድ የለም፤ ቢያንስ ቁጭ እልበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከእርስዎ በታች የምኖረው