«ቀላል እራት» ያለችኝን ሴትዮ አገናኙኝ

ኧረ ወገን ዛሬ ልተንፍስ፣ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። ብሶቴ ስለ ዶሮ ነው። አትሳቁ።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እኔ እንደልማዴ ያደረ ሽሮ በእንጀራ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ፣ ትንሽ አብዝቼበት እንጀራው የጫማ ሶል ሆኖብኝ እየታገልኩ አንዷ ፈረንጅ ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ አለችና ዕቃዋን ከፈተች። ዶሮ፣ ካሮት፣ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ሁሉም መልኩን ይዞ። መቼ ሠርተሽው ነው ስላት «እኔ መች ሠራሁት፣ ስሎው ኩከሩ ነው» አትለኝም! በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስለውን ድስት ማለቷ ነው። ጠዋት ሁሉንም ከተሽ ትወጫለሽ፣ ማታ ስትገቢ እራት ይጠብቅሻል፣ አስር ደቂቃ ብቻ ነው፣ ኢዚ ነው። ኢዚ፣ ቀላል። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

እኔ እንግዲህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን የ12 ሰዓት ሺፍት። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ተኩል እገባለሁ (በኛ ሰዓት ነው የምነግራችሁ፣ በፈረንጁ ስቆጥር አሁንም ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለኛል)። ማታ ስገባ ሁለት ልጆችና አንድ ባል ፍሪጅ ከፍተው ብርሃኑን እያዩ ነው የማገኛቸው። እና «እራት ይጠብቅሻል» ስትለኝ እንባዬ ነው የመጣው፣ እውነቴን ነው። እኔን ጠብቆኝ የሚያውቅ ነገር ቢኖር ያልታጠበ ዕቃ ነው።

በቃ በዚያው ሳምንት ገዛሁ። ርካሹን፣ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና ማጥፊያ ብቻ ያለውን። ሪሲፒውንም ላከችልኝ፦ 2 ፓውንድ አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት፣ አራት ድንች፣ ሦስት ካሮት፣ አንድ ሽንኩርት፣ ፎሶሊያ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ «ታይም»፣ አንድ ኩባያ የዶሮ መረቅ። በዝቅተኛ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ በከፍተኛ ከ3 እስከ 4። ታይም ማለት ጦስኝ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝና ከአገር ቤት የመጣልኝን አውጥቼ ነሰነስኩበት፣ ባሌ አሽትቶ «ዛሬ ዶሮውን በሻይ ነው የምንበላው?» አለኝ። እሱን እመለስበታለሁ።

አሁን «አስር ደቂቃ ዝግጅት» የሚለውን ልጠይቅ። የማን አስር ደቂቃ ነው? ዶሮ ማጠብ እንዴት ተረሳ? እዚህ አገር እኮ ዶሮ አትጠቡ ነው የሚሉት፣ ውሃው ሲረጭ ባክቴሪያውን ሲንኩ ላይ ይበትነዋል፣ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ 165 ፋራናይት ውስጡ ከደረሰ በቂ ነው ይላሉ። ገብቶኛል፣ ሥራዬ ላይም ስለ ንጽህና ስልጠና የወሰድኩ ሰው ነኝ። ግን እማዬ በቪዲዮ ኮል እያየችኝ ነው! «አንቺ፣ ሳታጥቢው ልትጥጂው ነው? ጤና የለሽም እንዴ?» አለችኝ፣ እኔ ስለ ባክቴሪያው ላስረዳ ስል «ሎሚ የለም እንዴ እዚያ አገር?» ብላ ዘጋችኝ። በቃ ሎሚ፣ ጨው፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አምስት ጊዜ መለቅለቅ፣ ጮማ ጮማውን መግፈፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሲንኩን በበረኪና ማሸት፣ ምክንያቱም ስለ ባክቴሪያው የተማርኩትም አልለቀቀኝም። ሁለቱንም አገር ነው የምታዘዘው። ይሄ ብቻ 40 ደቂቃ ፈጀ፣ ድንች ገና አልላጥኩም።

እማዬ ስንት ሰዓት ነው የሚበስለው ስትለኝ ደግሞ ስምንት ሰዓት አልኳት። ዝም አለች። «ስምንት ሰዓት ሙሉ? ዶሮ ነው በሬ?»

የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር። ለሊት ተነስቼ ከትቼ ወጣሁ። አሁን ሒሳቡን አብራችሁኝ ሥሩ፦ ዶሮው የሚፈልገው ቢበዛ 8 ሰዓት ነው፣ እኔ የምቀረው 14 ሰዓት ተኩል። የቀረውን ስድስት ሰዓት ተኩል ማን ያጥፋልኝ? ባሌ ይሠራል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ አፍተር ስኩል። ማታ ገብቼ ክዳኑን ስከፍት ሽታው ልዩ ነው፣ ደስ ብሎኝ አንዱን ደረት በሹካ ነካ ሳደርገው እንደ ጥጥ ተበጣጠሰ። ጥጥ ስላችሁ ጥጥ ነው፣ ብትፈትሉት ጋቢ ይወጣዋል። በመረቅ ተከቦ እንዴት እንደሚደርቅ እስካሁን ይገርመኛል፣ ለካ ደረት ስብ ስለሌለው ሰዓት ሲያልፍበት እንደዚህ ነው፣ ታፋው ነው የሚችለው። ታዲያ ለምን ደረት ብላ ጻፈች? ፎሶሊያው ደግሞ የወታደር ልብስ ቀለም ይዞ ሟሙቷል። መረቁ ግማሽ ድስት። አንድ ኩባያ ነው የጨመርኩት እኮ! ክዳኑ ግጥም ስለሚል እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ ምንም አይተንም፣ ዶሮውም አትክልቱም የራሱን ውሃ ይለቃል፣ ስለዚህ የገባው ሁሉ እዚያው ነው፣ እንዲያውም ተወልዶበታል። ትንሿ ልጄ አንድ ጊዜ ቀምሳ «ማሚ፣ ማነው የታመመው?» አለችኝ።

እሺ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ መልሼ ሄድኩና ሰዓት የሚሞላለትን፣ ሲጨርስ ራሱ ወደ «ሙቅ» የሚዞረውን ገዛሁ። ሌላ ብር። ይሄ ሁለተኛው ቀን ብዙ አያስወራም፣ በታፋ ሠራሁት፣ ድንቹን ከላይ ዶሮውን ከሥር አደረግኩና ድንቹ ኩርሽም የሚል ሆኖ ወጣ። የሚገርመው እኮ እዚህ ዕቃ ውስጥ ድንችና ካሮት ከሥጋው ይዘገያሉ፣ ከሥር ነው መሆን ያለባቸው፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከሥርና ከጎን ነው። ሪሲፒው ምን ይላል? «ሁሉንም ጨምሪበት»። ደግሞ ያን ቀን ባሌ እረፍት ነበር፣ ሽታው ሲመጣ እየሄደ ክዳኑን እያነሳ «እንዴት ሆነ?» ይለዋል። ዶሮውን ነው የሚጠይቀው። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣና እንደገና ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። ስንት ጊዜ ከፈትክ ስለው «አንድ ሁለቴ» አለኝ፣ ልጄ ከጎኑ በጣቷ ሰባት አሳየችኝ።

ሽንኩርቱን ሳልናገር አላልፍም። እናንተ የወጥ ልጆች ትረዱኛላችሁ። እኛ ሽንኩርት ማለት ያለ ዘይት ደረቁን ተቁላልቶ፣ ውሃው መጥጦ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ቤቱን ሁሉ ይዞ ነው ቀጥሎ ቅመም የሚያየው። እዚህ ዕቃ ውስጥ ስትከቺው ግን ይቀቀላል። ውሃ እስካለ ድረስ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አያልፍም፣ ስለዚህ ስምንት ሰዓት ቢቀመጥ አይቁላላም፣ ነጭ እንደሆነ ይለሰልስና አፍ ውስጥ ይንሸራተታል። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግራት «ኦ፣ መጀመሪያ በመጥበሻ ታቁላይዋለሻ!» አለችኝ። ዶሮውንም እንደዚያው መጀመሪያ ቆዳውን ጠበስ ጠበስ ማድረግ ነው አለች። ቆይ፣ መጥበሻ ላይ ሽንኩርት ካቁላላሁ፣ ዶሮ ከጠበስኩ፣ ታዲያ እዚያው ድስት ላይ ውሃ ጠብ ባደርግበት በ45 ደቂቃ አልጨርስም? ይሄ ዕቃ ምን ሊያደርግልኝ መጣ?

ባሌ ደግሞ (ተመለስኩበት) እኔ እየተቃጠልኩ ስልኩ ላይ ታሪኩን አንብቦ ሊያስተምረኝ መጣ። ዕቃውን የፈለሰፈው ኢርቪንግ ናክሰን የሚባል ይሁዲ ነው፣ ፓተንቱን ያገኘው በ1940 ነው፣ በኋላ መብቱን ሌላ ኩባንያ ገዝቶት ነው በ1971 ክሮክ ፖት ተብሎ አገሩን ያጥለቀለቀው። ሐሳቡ የመጣው ደግሞ እናቱ ስለ ሊትዌኒያ ከነገረችው ነው፣ እዚያ ሰንበት ላይ እሳት ስለማይነካ ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ድስቱን ዳቦ ጋጋሪው ቤት ምድጃ ውስጥ ይከቱና ሲያድር በስሎ ቅዳሜ ይበላሉ። እስራኤል ውስጥ ሀሚን የሚሉት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ዝም በል አልኩት፣ በኋላ ግን ሌሊት ተኝቼ አሰብኩት። ሰዎቹ እኮ ድስቱ ሲሠራ እነሱ አርፈው ነው! ለሰንበት የታሰበ ነገር ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ድስቱም ይሠራል እኔም እሠራለሁ፣ ሁለታችንም ሺፍት ላይ ነን፣ ልዩነቱ እሱ ሲጨርስ ራሱ ወደ «ሙቅ» ዞሮ ያርፋል።

አሁን ወደዚህ ሳምንት ልምጣ፣ እውነተኛው ብሶቴ ይሄ ነው።

ማክሰኞ እረፍት ነበርኩ። ዛሬ ቤት ሆኜ በሥርዓቱ እሠራዋለሁ ብዬ ተነሳሁ፣ ዶሮው ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። እንደበረደ ከትቼው ልገላገል ስል አይሆንም፣ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ በረዶው እስኪለቅ ሥጋው ለባክቴሪያ በሚመች ሙቀት ለረጅም ሰዓት ይቆያል፣ መጀመሪያ መቅለጥ አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ለማቅለጥ አንድ ቀን። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከነፕላስቲኩ ነክሬ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃ እየቀየርኩ ዋልኩ። በዕረፍት ቀኔ ዶሮ ሳጥብ... ሳጥብ አይደለም፣ ሳስታምም ዋልኩ። ከዚያ ሎሚ፣ ጨው፣ መለቅለቅ። ከዚያ ድንች ከሥር፣ ካሮት ከሥር፣ ሽንኩርት ተቁላልቶ (አዎ አቁላላሁት)፣ ታፋው ከላይ፣ መረቅ ግማሽ ኩባያ ብቻ፣ ፎሶሊያው መጨረሻ ላይ እንዲገባ ለብቻው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ክዳኑን ገጠምኩ፣ 8 ሰዓት ሞላሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይደርሳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳቡ ገጠመልኝ ብዬ ተኛሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሽታው ቀሰቀሰኝ። ወይኔ ሽታው! በነጭ ሽንኩርት፣ በጦስኝ፣ ያ የተቁላላው ሽንኩርት ገብቶበት፣ ኮሪደሩን ሁሉ ሞልቶታል፣ ከአልጋዬ ሆኜ ፈገግ አልኩ፣ ጠዋት አንዲት ታፋ በዳቦ እበላለሁ፣ የቀረውን ለእራት ብዬ ሳስብ፣ ነገ ቀኑ ምን ነበር... ማክሰኞ ነበር፣ ነገ...

ረቡዕ።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ባሌን ቀሰቀስኩት። «ነገ ጾም ነው» አልኩት፣ «እ» ብሎ ዞሮ ተኛ። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ሎሚ፣ በጾም ጠዋት ከነሙሉ ክብሩ እየደረሰ ነው። ጠዋት ተነስቼ ፎሶሊያውን ጨምሬ፣ በስሎ ሲወጣ እያየሁት፣ ድንቹ ቅርጹን ይዞ፣ ዶሮው ከአጥንቱ በማንኪያ እየለቀቀ፣ ሳልቀምስ፣ ጨው እንኳን ሳልቀምስ፣ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪጅ ከተትኩት። ቁርሴ ሻይ በዳቦ። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ዶሮ እየሸተተ እኛ ምስር ስንበላ ዋልን። ጎረቤት ያለችው ሐበሻ ቡና ልትጠጣ ገብታ አፍንጫዋን አነሳ አደረገችና ምንም አላለችም። ያ ዝምታዋ ነው የገደለኝ።

እና ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ደግሞ ዓርብ! በሁለቱ ጾም መሃል ይሄ ዶሮ የሚበላበት ቀን አንድ ዛሬ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ሥራ ነኝ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው የገባሁት፣ ስድስት ሰው የሚያጠግብ ድስት ለአራት ሰው። ሲሞቅ አትክልቱ ትንሽ ሟሟ፣ ጨው የለውም (ማን ይቅመሰው?)፣ ትልቁ ልጄ በርበሬ ጠየቀ፣ ትንሿ ካሮቱን ብቻ ለቅማ በላች። እኔ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ዶሮው ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ያቺ ባልደረባዬ ጠዋት ሎከር ጋ አግኝታኝ «እንዴት ሆነልሽ፣ ኢዚ ነው አይደል?» ብላኛለች። ሦስት ቀን እንደፈጀብኝ በየትኛው እንግሊዝኛዬ ልንገራት፣ ጾሙን ከየት ጀምሬ ላስረዳት። «የስ፣ ቬሪ ኢዚ» አልኳት።

አሁን ይሄን ስጽፍ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ነው። ባሌ ኩሽና ቆሞ፣ መብራት ሳያበራ፣ በፍሪጁ ብርሃን ከዕቃው እየመዘዘ እየበላ ነው። «ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፣ ነይ አንቺም አንድ ውሰጂ» ይለኛል። መጣሁ።