እልል ለሲስተሙ!

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ዘጌ ልሻገር ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቆሜ ያየሁትን ሥልጣኔ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ጀልባው አለ፤ ነጂው አለ፤ ነዳጁ ተሞልቷል፤ እኛም ብራችንን በእጃችን ይዘናል። ጣናም፣ ተመስገን፣ ከቦታው አልተነሣም። የጎደለውን መቼም ታውቁታላችሁ፤ «ሲስተም የለም»።

ደግ አደረጉ! በካርኒ ሲቆረጥልን እኮ ወዲያው እንሳፈር ነበር።

የሲስተሙን ገድል ያጫወተኝ አንድ ሠራተኛ ነው። አለቃው ለሦስት ቀን ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ቀስት የበዛበት ሥዕል ያለው «ስልት» ይዞ መጣ። ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ተገዛ። የተሳፋሪ እርካታ መለኪያም ተተከለ፤ አንዱ ቁልፍ የሚስቅ ፊት፣ ሌላው የሚያለቅስ ፊት አለው፤ የሚያለቅሰው አይሠራም። ዋናው ሲስተም ግን ለጭነት መኪናዎች የተሠራ ነበርና ጀልባው «ተሽከርካሪ» ተብሎ ተመዘገበ። ታርጋ ይጠይቃል። የጎማ ብዛት ካልተሞላ ትኬት አይወጣም። ገንዘብ ያዧ ብልኅ ናትና በየጠዋቱ «4» እያለች ትሞላለች። ሲስተሙም አመናት። ኪሎ ሜትር ሲቆጥር ከርሞ «ጎማ የመቀየሪያ ጊዜ አልፏል» ሲል ጀልባውን አገደው። አሁን ከጋራዥ የጎማ ምርመራ ወረቀት እየተጠበቀ ነው። ጋራዡ ደግሞ «ተሽከርካሪውን አምጡት» ብሏል።

ሄንደርሰንና ቬንካትራማን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1993 ድርጅቶች ለቴክኖሎጂ ካወጡት ገንዘብ ጥቅም የሚያጡት በከፊል የቴክኖሎጂው ስልትና የድርጅቱ ስልት ስለማይጣጣሙ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ምስኪኖች! ጎማ ያለው ጀልባ አላዩም። የእኛ ታንኳ ሠሪም ኋላ ቀር ነው፤ ደንገሉን ከማሰሩ በፊት እንጨት ልትጭንበት ነው ወይስ ዓሣ ልታጠምድበት ብሎ ይጠይቃል።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። አጠገቤ ጌሾዋን ሸጣ ልጇን አዝላ የምትመለስ የዘጌ ሴት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ምን እንደሚሆን እሷ ታውቃለች፤ ስልቱ አያውቅም። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ እንቅልፍ ወሰደው። ይህ ሁሉ ኮተት በማን ገንዘብ ተገዛ? በእሷ ትኬት ነዋ! ይህ ሁሉ ሲወሰን ከነበረው ተሰብሳቢ መካከል አንድ ሰው እንኳ እጁን አውጥቶ «ሥራችን ሰው ማሻገር አይደለም ወይ?» ለማለት እንዴት ያፍራል?

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። 10 ሰዓት ላይ ስክሪኑ ቦግ አለ። «የዕለቱ አፈጻጸም፦ ዘግይቶ የተነሣ ጀልባ 0፤ የጠፋ ዕቃ 0፤ የተሳፋሪ ቅሬታ 0።» አለቃው ከቢሮው ወጣ፤ በመካከላችን አልፎ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሣው። ለሪፖርት ነው አሉ።