ለጨጓራ ነው የመጣሁት

ጎንደር ውስጥ ወሬ ከፒያሳ አዘዞ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም። ይሄን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ባለፈው ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ፣ ጮክ ብዬ "ማህጸን ሐኪም ጋ ልሄድ ነው!" ያልኳት። በቃ እሱ ነው ጉድ የሰራኝ። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን እትየ (ስሟን ብጠራ ከነገ ጀምሮ ቡና አልጠራም) ቡና እየወቀጠች ነበር፣ ሙቀጫው ቀጥ አለ። ሙቀጫ ቀጥ ሲል ሰው እየሰማ ነው ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተልባ በጆግ ይዛ ከች አለች፣ ማታ ደግሞ ሁለት ሴቶች በራፌ ላይ ቆመው የገንፎውን ገብስ ማን ያስፈጭ እያሉ ሲመካከሩ ደረስኩባቸው።

እርጉዝ አይደለሁም። የወር አበባዬ ሁለት ሶስት ወር ተዛባብኝ፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ይኸው ነው። ለእትየ ግን ምርመራ አያስፈልጋትም፣ "ብርድ ነው" አለች። እትየ ዘንድ ራስ ምታትም ብርድ ነው፣ የጥርስ ህመምም ብርድ ነው፣ ባሏ ተቆጥቶ ከዋለ እሱም ብርድ ነው። "አራስ ቤት ሳለሽ በባዶ እግርሽ በረንዳ ወጥተሽ አይቼሻለሁ" አለችኝ። ልጄ እኮ አንደኛ ክፍል ገብቷል! ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች ማለት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ወይባ ሞቅኩ። እምቢ ማለት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ መጥቶ እትየን እምቢ ይበላት። ጓሮዋ ውስጥ አፉ የተሰበረ እንስራ መሬት ተቀብሯል፣ ውስጡ የወይባ እንጨት ይጨሳል፣ አንቺ እንደተፈጠርሽ ሆነሽ ትቀመጪበታለሽ፣ ከላይ ቡልኮ ይደፋብሻል፣ አንገትሽ ብቻ ነው የሚታየው። ላቡ ይወርዳል፣ ጢሱ አይንሽን ያቃጥላል፣ ከዚያ እየደጋገሙ ቡልኮውን ገለጥ እያደረጉ "ይሄ ጎኗ አልያዘም"፣ "ጭኗ ላይ ጨምሩላት"፣ "ከወለደች ወዲህ ዳሌ አወጣች" ይባባላሉ። አምስት ሴቶች ነበሩ፣ አንዷን ጭራሽ አላውቃትም፣ ወንፊት ልትመልስ የመጣች ናት፣ እሷም ገልጣ አየችና አስተያየቷን ሰጥታ ሄደች። ሽታው አንድ ሳምንት አለቀቀኝም፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ዞር እያለ ያየኛል። ቆዳዬ ግን እውነት ለመናገር ቂቤ ነው የመሰለው፣ ይሄን አልክድም።

እንግዲህ እዚያው ጢስ ላይ ተቀምጬ ነው "ሐኪሙስ ወንድ ነው ሴት?" የሚለው ስብሰባ የተጀመረው። እትየ ደረቷን ደቃች፦ "ለወንድ? ገላሽን? ነውር አይደለም እንዴ የኔ ዓለም!" ይሄን የምትለኝ ቡልኮዬን በአንድ እጇ ገልጣ ይዛ ነው። ከእናቴ ጋር ስናወራ ደግሞ "ወንድም ቢሆን ሽበት ያለው፣ ያገባ፣ የወለደ ይሁን" አለች፣ ሐኪም ሳይሆን ሽማግሌ የምንልክ ነው የሚመስለው። ባሌ ሴት ትሁን አለ፣ ሌላ ምንም አላለም፣ እሱ ራሱ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያመውን ጥርስ በአረቄ እየተጉመጠመጠ የሚኖር ሰው ነው፣ ስለ ህክምና ምክሩን የጠየቀው የለም። እህቴ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ላከችልኝ፣ "ይቺ ጎበዝ ናት መሰለኝ፣ ሜካፕ አትወድም"።

የኔ መስፈርት ግን አንድ ብቻ ነበር፦ የማያውቀኝ ይሁን። ወንድም ይሁን ሴት፣ ብቻ ዘመዶቼን የማያውቅ፣ ጥምቀት ላይ ባህረ ጥምቀቱ ጋ የማላገኘው፣ ሰርግ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ክትፎ የማይጎርስ። ጎንደር ላይ ይሄ ከባድ ነው። ከተማችን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ፣ የህዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተ ጊዜ ማለት ነው፣ የጤና ባለሙያ ስታመርት የኖረች ናት፣ ሰባ ዓመት አለፋት፣ ድንጋይ ብትወረውሪ ወይ የዶክተር አጥር ወይ የነርስ አክስት ነው የምትመቺው። ይሄ ሁሉ ባለሙያ ባለበት ከተማ እኔ መጀመሪያ የታከምኩት ወንፊት ልትመልስ በመጣች ሴት ነው።

ብቻ በስንት መከራ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች ሴት ዶክተር ተገኘች። ባጃጅ ያዝኩና "ፋርማሲው ጋ አውርደኝ" አልኩት፣ ልጁ በመስታወቱ አየት አደረገኝና "ማህጸን ከሆነ ወደ ውስጥ ላስገባሽ፣ የኔም ባለቤት እዛ ነው የምትከታተል" አይለኝም! ሂሳቡን ሰጥቼ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ወረፋው ላይ ነጠላዋን እስከ አይኗ የተከናነበች ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። "ምን ሁነሽ ነው?" አለችኝ። "ጨጓራዬን" አልኳት። "እኔም ጨጓራዬን ነው" አለች። ማዶ ያለችው "እኔስ እህቴን ላደርስ ነው" አለች፣ እህት የምትባል ሰው ግን አላየንም። በሩ ላይ በትልቁ የማህጸንና ጽንስ ክፍል ተብሎ ተጽፏል፣ ስምንት ሴት ጨጓራዋን አሟት ተሰልፋለች። ከዚያ አንዱ ካርድ ይዞ ብቅ አለና የኔን ስም ከነአባቴ ከነአያቴ ጠርቶ "የማህጸን!" ብሎ ኮሪደሩን ሙሉ አስተጋባው። ባለነጠላዋ አየችኝ፣ አየኋት፣ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ዶክተሯ ረጋ ያለች ናት። "የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?" አለችኝ። "የኪዳነ ምህረት ማግስት" አልኩ። እስክሪብቶዋን ሳታነሳ "17" ብላ ጻፈች። "ከዚያ በፊትስ?" "እ... ጊዮርጊስ ነበረ መሰለኝ፣ ዝክር ስለነበረብን ትዝ ይለኛል።" "23" አለች። ወደድኳት። ደሜን አስለካችኝ፣ አንሷል፣ የልብ ድው ድውታውም እሱ ነው፣ አይረን ጻፈችልኝና "ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳትወስጂው፣ ደምሽ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክለዋል፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው" አለች። እሺ አልኩ እንጂ እኛ ሰፈር ከቡና ሁለት ሰዓት የሚርቅ ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ብቻ ነው፣ የአንዷ በረካ ሳያልቅ የሌላዋ አቦል ይቀዳል።

ጢሱንም ነገርኳት፣ ሽታዬ ቀድሞ ነግሯታል መሰለኝ ሳቀች። "ለገላሽ ከሆነ አልቆጣሽም፣ ግን እርጉዝ ከሆንሽ ያን ያህል ሙቀት ይቅርብሽ፣ ታችኛው ክፍል ደግሞ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ነው፣ የሚጠብቁት ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉት፣ ማጠንም በሳሙና መፈተግም አያስፈልገውም" አለችኝ። ኮሶ የሚባል ነገር ደግሞ እርጉዝ ሴት አጠገቡ እንዳትደርስ አለች።

ከዚያ እድሜዬን አየችና፣ 34 ነኝ፣ "የማህጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?" አለች። ደነገጥኩ። "በኮምጣጤ ነው፣ አይዞሽ" አለች። ኮምጣጤ?! እኔ ከጢሱ ሸሽቼ መጥቼ ሰላጣ ልሆን ነው? ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ ኮምጣጤ በጥጥ አድርገው የማህጸን በሩን ይነካኩታል፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ያኔ ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል። በሽታውን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚሉት ቫይረስ ካንሰር እስኪሆን ዓመታት ይፈጅበታል፣ ለዚህ ነው ሳያም መታየቱ። በ2011 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ለ14 ዓመት ሴት ልጆች የመጣው ክትባትም የዚሁ ነው፣ ያኔ እትየ "መሀን ሊያደርጓቸው ነው" ብላ ሰፈር ያስነሳችበት። ተጋደምኩ፣ መጋረጃ ተጋረደ፣ እሷና አንዲት ነርስ ብቻ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ አለኝ፣ አለቀ። ዳሌዬን ያነሳ ሰው የለም።

ማታ ቡና ላይ ሁሉን ዘረገፍኩት። ካንሰር ስል ሁሉም አማተቡ፣ ኮምጣጤ ስል ግን እትየ ሲኒዋን አስቀመጠች። "ኮምጣጤ ነው ያልሽኝ?" "አዎ።" "ታዲያ ይሄማ የኛው መድኃኒት ነው እኮ!" እኔ ያን ሁሉ ያስረዳሁት፣ ቫይረስ ያልኩት፣ ምርመራ እንጂ መድኃኒት አይደለም ያልኩት የትም አልገባ፣ ኮምጣጤው ብቻ ገባ። በሳምንቱ አራት ሆነን በሁለት ባጃጅ ሄድን፣ ሁሉም ለየባላቸው ለቅሶ ብለው ነው የወጡት።

ነርሷ እትየን "እድሜ?" አለቻት። "ምርመራው ስንት ድረስ ነው?" "ከ30 እስከ 49 ነው እማማ።" "49" አለች እትየ፣ አይኗን ሳታሽ። የመጀመሪያ ልጇ እኮ 41 ዓመቱ ነው። ነርሷ ቀና ብላ ስታያት፣ እትየ ከዘንቢሏ በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሰላጣ ኮምጣጤ፣ ግማሽ ድረስ። "የናንተ ውሃ የበዛበት እንዳይሆን ብዬ ነው የኔ ዓለም፣ ከቤት ይዤ መጣሁ።"

ነርሷ ጠርሙሱን አየች፣ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። "አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው?"

"እኔ ለጨጓራዬ ነው የመጣሁት" አልኳት።