ቤት ለእምቦሳ ያለው እንግዳ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ወዳጄ «ቤዝቦል ሳታይ አሜሪካን አየሁ አትበል» ብሎ ስታዲየም ወሰደኝ። የጨዋታው ሕግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በሰባተኛው ዙር መሐል ግን ሰው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ ተነሣና «አምላክ አሜሪካን ይባርክ» የሚለው ዘፈን ተዘፈነ። ከጎኔ የቆሙት አዛውንት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሲቀመጡ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ዘፈኑ የአያቶቻቸውን አገር እንደሚያስታውሳቸው፣ ያኔ ይህ ሁሉ መጤ እንዳልነበረ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ኦቾሎኒያቸውን አካፍለውኛል። የሰው ኦቾሎኒ እየቆረጠሙ መከራከር ስለከበደኝ ዝም አልኩ። ክርክሬን እዚህ ላውጣው።

ያን ዘፈን የጻፈው በአምስት ዓመቱ በመርከብ የመጣ የአይሁድ ልጅ ነው። የእናት አባቱ ስም እስራኤል ቤይሊን ሲሆን ዓለም የሚያውቀው ኧርቪንግ በርሊን ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በሩሲያ ግዛት ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ከትውልድ አገሩ ትዝ የሚለው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር፦ መንገድ ዳር ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ ቤታቸው ሲቃጠል ማየቱ። ቤተሰቡ በ1893 ኒውዮርክ ገባ። አባቱ ሙሴ በአገሩ የምኩራብ ዜማ መሪ ነበር፤ በአዲሱ አገር ግን ዜማው እንጀራ ስላልሆነለት ዶሮ በሃይማኖቱ ሥርዓት መታረዱን እያረጋገጠ፣ ለልጆች ዕብራይስጥ እያስተማረ ኖረና በ1901 ሞተ። የስምንት ልጆች መጨረሻ የሆነው ትንሹ ልጅ ለቤቱ የሚያመጣው ሳንቲም ከእህቶቹ ማነሱ እያሳፈረው ብዙም ሳይቆይ ከቤት ወጣ።

ጎዳና ላይ ጋዜጣ ሸጧል፣ በየመጠጥ ቤቱ ዘፍኗል። በመጨረሻ የቻይናውያን ሰፈር ውስጥ በነበረ ፔልሃም ካፌ በሚባል ቤት ዘፋኝ አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ቢራ ማቅረብና መዝፈን ነው። በጊዜው የታወቁትን ዘፈኖች ዜማቸውን እንደያዘ በራሱ ግጥም ይለውጣቸዋል፤ ጠጪው ይስቃል፣ ሳንቲም ይወረውራል። እኛ ዘንድ ቢሆን ማሲንቆ አስይዘን አዝማሪ እንለው ነበር። በ1907 የተፎካካሪው ቤት አስተናጋጆች ዘፈን ደርሰው ሲሳካላቸው የፔልሃም ባለቤት ቀናና የራሱን ሰዎች ዘፈን እንዲደርሱ አዘዛቸው። በርሊን ግጥሙን ጻፈ። ከዚያ ዘፈን የደረሰው 37 ሳንቲም ነው። ስሙ በኖታው ወረቀት ላይ «በርሊን» ተብሎ የታተመውም ያኔ ነው።

ፒያኖ ያስተማረው ሰው የለም። መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ጓዳ ባለው ፒያኖ ላይ ራሱን አለማመደ። የለመደውም በአብዛኛው ጥቁሮቹን ቁልፎች እየተጫነ በአንድ ቅኝት ብቻ ነበር። ኖታ መጻፍ አይችልም፤ እርሱ ሲያንጎራጉር የሚጽፍለት ሰው ይቀጥራል። ዘፈኑ በሌላ ቅኝት እንዲሰማ ሲፈልግ ደግሞ መላ ነበረው፦ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን እጀታ ሲያዞረው ውስጡ ሸርተት የሚል ልዩ ፒያኖ አሠራ። ጣቶቹ የለመዱትን ቦታ አይለቁም፣ ድምፁ ግን ይለወጣል። አንዱ ዛሬ ስሚዝሶኒያን በተባለው የአሜሪካ ሙዚየሞች ተቋም ይገኛል። (ለእኛ ጆሮ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች አምስት አምስት ናቸው፤ እነርሱን ብቻ እየነካ ትዝታን የማያወጣ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።)

በ1911 «የአሌክሳንደር ራግታይም ባንድ» ዓለምን አዳረሰ። በነገራችን ላይ በዘፈኑ ውስጥ ራግታይም የሚባለው ነገር ጥቂት ነው። ያን ስልት ያበጁት ጥቁር ሙዚቀኞች፣ ከእነርሱም ዋናው ስኮት ጆፕሊን፣ ከሀብቱ አልደረሳቸውም። ይህ በበርሊን ቸልታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

አሁን ወደ ስታዲየሙ ዘፈን ልመለስ። በርሊን የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው በ1918 ነው፤ በዚያው ዓመት ለውትድርና ተጠራ። በጦር ሰፈሩ ውስጥ ለወታደሮች ትርዒት ሲያዘጋጅ ዘፈኑን ጻፈውና ለትርዒቱ የማይስማማ፣ የተጋነነ ሆኖ ስላገኘው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሃያ ዓመት ተቀመጠ። በ1938 አውሮፓ ላይ ጦርነት ሲያንዣብብ አወጣውና አረመው። የመጀመሪያው ግጥም ድል እንዲሰጣት የሚለምን ስንኝ ነበረበት፤ ቆርጦ ጣለው። አገሪቱን ወደ «ቀኝ» ምራት የሚል ቃልም ነበረበት፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ትክክለኛውን መንገድም የፖለቲካውን ቀኝ ክንፍም ስለሚጠራ፣ በሂትለር ዘመን እንዳይጣመምበት «በሌሊቱ ውስጥ» በሚል ለወጠው። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ከዘፈኑ ሁሉ የምወደው ይህን እርማት ነው። ዘፋኟ ኬት ስሚዝ በዚያው ኅዳር በሬዲዮ ዘፈነችው።

የዘፈኑ ርእስ ከእናቱ አፍ የተወሰደ መሆኑን ልጁ ጽፋለች። በድህነት ሰፈር፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ልጆቿን ያሳደገች ሴት እየደጋገመች አሜሪካን ትመርቅ ነበር ማለት ነው። እኛ አንድ ሰው ቤት ስንገባ «ቤት ለእምቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱ «እምቦሳ እሰሩ» ይላል። ባለቤት የራሱን ቤት አይመርቅም፤ ምርቃቱ የእንግዳ ነው። ያ ዘፈን የባለቤት ፉከራ ሆኖ የሚዘፈን ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እምቦሳ እሰሩ ያላሉትም ነበሩ። በ1940 የነጭ የበላይነት አራማጁ ኩ ክለክስ ክላንና የአሜሪካ ናዚዎች ደራሲው አይሁድ በመሆኑ ዘፈኑ እንዳይዘፈን ቀሰቀሱ። በርሊን በዚያው ዓመት የዘፈኑን ገቢ በሙሉ ለወንድና ለሴት ስካውቶች ማኅበራት ሰጠ። በሌላ ወገን ዉዲ ጋትሪ የሚባለው ዘፋኝ ዘፈኑ የድሀውን ችግር ይሸፍናል ብሎ ተበሳጭቶ የራሱን መልስ ጻፈ፤ ያም ድንቅ ዘፈን ሆነ። የጋትሪን ቅሬታ እረዳዋለሁ። ግን ቤቱ ሲቃጠል ያየ ሕፃን ጣሪያ ስላገኘ ቢመርቅ፣ ጣሪያው ለምን ያፈሳል ብሎ ባይጠይቅ አልፈርድበትም።

በርሊንን ቅዱስ ማድረግም አልፈልግም። ወጣት ሳለ በጣሊያኑ፣ በጥቁሩ፣ በራሱ ወገን በአይሁዱም አነጋገር የሚያላግጡ ዘፈኖች ደርሷል። «ነጭ ገና» የተሰኘው ዘፈኑ በ1942 በተዋወቀበት ፊልም ውስጥ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው የሚጫወቱት የበርሊን ዘፈን አለ፤ ዛሬ ሲያዩት ያሳፍራል። በዚያው ዓመት ደግሞ ባዘጋጀው የሠራዊቱ ትርዒት ጥቁርና ነጭ ወታደሮች አብረው እንዲሠሩ አደረገ፤ ሠራዊቱ በዘር ተለያይቶ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ክፍል ሌላ አልነበረም። በ1933 ለጥቁሯ ዘፋኝ ለኤተል ዋተርስ የጻፈው ዘፈን ደግሞ ባልዋን ነጮች ሰቅለው የገደሉባት ጥቁር ሴት ራት ልታቀርብ ስትል ለልጆቿ ምን እንደምትል ሲቸግራት የሚያሳይ ነው። ይህ የኒውዮርኩ የብሮድዌይ ቲያትር መድረክ ነው፤ ተመልካቹ ሊዝናና ከፍሎ የገባ። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱን በሌላው ማካካስ አልችልም።

ስለ «ነጭ ገና» ይህን ብቻ ልበል። ገናን በማያከብር የምኩራብ ዜማ መሪ ቤት የተወለደ ሰው የጻፈው የገና ዘፈን ነው፤ በ50 ሚሊዮን ቅጂ መሸጡ ይገመታል። ሰው በዓል በዓል ሲሸተው ይሰማዋል። ደራሲው ግን ከካቶሊካዊት ሚስቱ ከኤሊን የወለደውን ሕፃን ልጁን ያጣው በ1928 በገና ዕለት ነው። ዘፈኑ ደስታን አይናገርም፤ የራቀውን ያስባል። ስያሜ ስጥ ብባል ትዝታ እለው ነበር።

መጤ የአገር መዝሙር መድረሱ የሚገርመው የአገሬ ሰው ካለ የራሳችንን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1924 ከአርመን ዕልቂት ከተረፉት 40 ልጆች ጋር አዲስ አበባ የገባው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም እስከ አብዮቱ ድረስ የዘመርነውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው።

በርሊን በ1989 በ101 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከቤቱ አይወጣም፣ ሰውም አይቀበልም ነበር። ጥቂት ሰዎች ግን በየዓመቱ በገና ዋዜማ ኒውዮርክ ካለው ቤቱ በር ላይ ቆመው «ነጭ ገና»ን ይዘፍኑለት ነበር። በ1983 እንደ ወትሮው ዘፍነው ሊሄዱ ሲሉ በሩ ተከፈተና ወደ ውስጥ ተጠሩ። ሽማግሌው በሌሊት ልብሱ፣ በነጠላ ጫማው ወጥቶ ማድ ቤቱ ውስጥ ተቀበላቸውና እያቀፈ አመሰገናቸው።